በችኰላ ስለሚፈረም ዕርቅ፤ ከመኪና አደጋ በኋላ ለቤተ ሰብ የሚገባ ካሣ

በመኸር ወራት ከሮቤ ወደ አጋርፋ በሚወስደው መንገድ የሚተላለፈውን ሁሉ የተመለከተ ሰው፥ የመኪና አደጋ ከምን እንደሚመጣ ሌላ አስረጂ አያስፈልገውም። ስንዴና ገብስ የጫነ አይሱዙ፥ ከእርሻ ወደ እርሻ የሚዛወር ኮምባይነር፥ ሰው ያሳፈረ ሚኒባስ፥ ባጃጅ፥ ፈረስ የሚስበው ጋሪ፥ በቅሎውን ወይም ፈረሱን የተቀመጠ ባላገር፥ ከገበያ በእግሩ የሚመለስ ሰው፥ ማታ ወደ በረቱ የሚነዳ ከብት፥ ሁሉም በአንዲት መንገድ ላይ ይጋፋሉ። በክረምት ደግሞ በዲንሾ በኩል የሚወርደው ጉም ይጨመርበታል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፥ በመንገድ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም እንደሚሞት ገልጧል፤ ሳይሞት የሚጐዳው ግን ከ20 እስከ 50 ሚሊዮን ይገመታል። ዛሬ ነገራችን ይበልጡን ስለ እነዚህ ስለ ተረፉት ነው። አደጋን ስለ መከላከል ብዙ ተጽፏል፤ አደጋው ከደረሰ በኋላ የተጐዳው ሰውና ቤተ ሰቡ ሕግ የሰጣቸውን ካሣ በገዛ ፊርማቸው ስለ ማጥፋታቸው ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

እንግሊዛዊው ቤንትሌይ አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ ለዐፄ ምኒልክ ያቀረበው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ዳኛ ይመለከተው የነበረው ፍትሐ ነገሥቱንና የአገሩን ልማድ ነበር። ዛሬ የምንዳኝበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ወጣ፤ በዚህም ሕግ ቍጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጕዳት ኃላፊ መሆኑ ተጽፏል። መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ የባለቤቱ ኃላፊነት አይቀርም። ባለቤቱ ሊድን የሚችለው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበረ ያስረዳ እንደ ሆነ፥ ወይም ጕዳቱ የመጣው በተጐዳው ሰው በራሱ ጥፋት መሆኑ የታወቀ እንደ ሆነ ነው፤ ጥፋቱ በከፊል የተጐዳው ሰው ከሆነም ካሣው ይቀነሳል። የካሣውም ልክ ከደረሰው ጕዳት ጋራ እኩል እንዲሆን ሕጉ ያዛል፤ ገና ወደ ፊት የሚደርሰው ጕዳት ሳይቀር፥ መድረሱ የተረጋገጠ ከሆነ፥ ይታሰባል።

እንግዲህ መብቱ በወረቀት ላይ ሲታይ ጠንካራ ነው። የሚጠፋው በችሎት ፊት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ዳኛ ሳያየው፥ በመጀመሪያው ሳምንት፥ በሽምግልና ላይ ነው።

የነገሩ አካሄድ በባሌ ደጋ የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሾፌሩ በፖሊስ እጅ ይገኛል። ዘመዶቹ አገር የሚያከብራቸውን ሽማግሎችና ሐጂዎች ይዘው፥ ቁስለኛው ወደ ተኛበት ወደ ጎባ ሐኪም ቤት ወይም ወደ ቤቱ ይመጣሉ። «ከአላህ የመጣ ነው፤ ልጃችን ጠልቶት አላደረገውም፤ እናንተም ልጅ አላችሁ» ይላሉ። ይህ አነጋገር እውነትም ነው፥ ክብርም አለው። በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ዘንድ ጉማ የሚባለው የደም ካሣ ሥርዓት በሁለት ወገን መካከል ቂም እንዳይቀር፥ ደምም ደምን እንዳይጠራ ሲያደርግ የኖረ ነው፤ ይህን የሚያቃልል ሰው አገሩን አያውቅም። ችግሩ ከዚህ በኋላ የምትመጣው ወረቀት ናት። በወረቀቷ ላይ ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ፥ ከእንግዲህ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ክስም ሆነ ጥያቄ የለኝም የሚል ቃል ይጻፍባታል፤ ቁስለኛው ወይም ሚስቱ ይፈርማሉ፥ ያልተማረም እንደ ሆነ በጣቱ ያትማል።

የሾፌሩ ወገን ስለ ምን እንደሚቸኩል መረዳት ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቍጥር 82፥ ጥፋተኛው ተጸጽቶ የተጐዳውን መርዳቱንና ያደረሰውን ጕዳት በተቻለው መጠን መካሡን ቅጣት ከሚያቀሉ ምክንያቶች ውስጥ ይቈጥረዋል። ስለዚህ ያች ወረቀት ለሾፌሩ ወዲያው ትጠቅመዋለች። መቸኰሉ ነውር አይደለም፤ ለልጁ የማይቸኩል አባት የለም። ነገር ግን እርሱ የሚቸኩልበት ምክንያት ለቁስለኛው የመቸኰል ምክንያት ሊሆነው አይችልም።

የዕርቅ ውል በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቍጥር 3307 ጀምሮ የተጻፈ ሲሆን፥ ቍጥር 3312 ተዋዋዮቹ በዕርቅ የጨረሱት ነገር በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ሆኖ እንደሚጸና ይናገራል። ይህን ቃል አንባቢያችን ደግመው ቢያነቡት መልካም ነው። በዛፍ ጥላ ሥር የተፈረመች ወረቀት ከሰበር ችሎት ፍርድ ያላነሰ ኃይል አላት ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል እግሩ የተሰበረ አንድ ገበሬ በአምስተኛው ቀን 30,000 ብር ተቀብሎ ፈረመ እንበል። በዚያ ቀን ይህ ገንዘብ ብዙ ይመስለዋል፤ የእኅሉ ዋጋ ገና አልገባም፥ የሐኪም ቤትም ዕዳ አለበት። ከስድስት ወር በኋላ አጥንቱ ተጣሞ መግጠሙ ታወቀ፤ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ብረት እንዲገባለት ሐኪም አዘዘ፤ ከዚያም ወዲያ ሞፈርና ቀንበር ለመያዝ የማይችል ሆነ። ወደ ዳኛ ቢሄድ ሾፌሩ ወረቀቷን አውጥቶ ያሳያል። ገበሬው በፈረመባት ቀን የተስማማው ስለ ተሰበረ እግር ነው፤ የተካሠው ግን ስለ ጠፋ ዕድሜ ልክ ሥራ ሆኖ ተቈጠረበት።

ስለዚህ ዕርቁንና ካሣውን መለየት ይቻላል፥ ይገባልም። ዕርቁ በመጀመሪያው ሳምንት ይሁን፤ ይቅር ይባባሉ፥ ሾፌሩም ቁስለኛውን ይጠይቅ። ካሣው ግን ሰውነቱ እስኪታወቅ ይቈይ። በመካከሉ ለመታከሚያ የሚሰጥ ገንዘብ ቢኖር ሊቀበሉት ይችላሉ፤ በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቃል ግን እንዲህ ያለ ይሁን፤ «ይህ ገንዘብ እስከ ዛሬ ለሕክምናና ለመጓጓዣ ለወጣው ወጪ ብቻ የተከፈለ ነው፤ የካሣው ነገር ሕክምናው ተፈጽሞ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ከሰጠ በኋላ ይታያል።» ሁለት መስመር ናት። በእነዚህ ሁለት መስመሮች ምክንያት አንድ ቤተ ሰብ ሊድን ወይም ሊጠፋ ይችላል።

ከዚህ ገጽ አንባቢዎች ብዙዎቹ፥ በማዕረጋቸውም ሆነ በዕድሜያቸው፥ ለሽምግልና የሚጠሩ ሰዎች ናቸው። በዛፍ ሥር ከተቀመጡት መካከል ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ሰው ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፥ ያ ሰው እርስዎ ነዎት፤ ወረቀቱንም የሚጽፉት እርስዎ ነዎት። እንግዲህ «ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚለውን ቃል ከመጻፍዎ በፊት ቁስለኛው የሐኪም ቃል ሰምቶ እንደ ሆነ ይጠይቁ። ሽማግሌ የሁለቱም ወገን አባት ነው፤ ያልታወቀ ቁስል ዋጋ ሲቈረጥለት ዝም ያለ እንደ ሆነ ግን ሳያውቀው የአንዱ ወገን ጠበቃ ሆነ።

አሁን ደግሞ ስለ ማስረጃ ጥቂት እንናገር። አደጋው እንደ ደረሰ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን እስኪያነሣ ድረስ መኪናው ካለበት ባይነቃነቅ መልካም ነው፤ ሰው ለማዳን ካልሆነ በቀር። የሰሌዳውን ቍጥር ከነክልሉና ከነኮዱ፥ በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት፥ መድን የሰጠውን ድርጅት ስም መጻፍ ወይም በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ይገባል። በገበያ ቀን የሆነ እንደ ሆነ ምስክር ሞልቶ ይተርፋል፤ በማግሥቱ ግን ሁሉም ወደ ቀበሌው ተበትኗል። ስለዚህ የሁለት ወይም የሦስት ሰው ስምና ስልክ በዚያው ሰዓት ይያዝ። በሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ትኬቱን አይጣል፤ ትኬት ያልተሰጠው እንደ ሆነ አብረውት የተሳፈሩትን ያስታውስ።

የባሌ ፈረሰኛ ከወደቀበት ተነሥቶ ልብሱን እያራገፈ «ደኅና ነኝ» ማለት ልማዱ ነው። ይህ ጀግንነት በጉግሥ ላይ ያምራል። ከመኪና አደጋ በኋላ ግን የጭንቅላትና የሆድ ጕዳት በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሊገለጥ ይችላልና፥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ መመርመር ይገባል። ከአደጋው ሁለት ሳምንት ዘግይቶ የተጻፈ የሐኪም ካርድ ሲቀርብ፥ ተከሳሹ ይህ ሕመም ከሌላ ነገር የመጣ ነው ብሎ ይከራከራል፤ ብዙ ጊዜም ይሰማለታል።

ስለ ወጌሻም ሳንናገር ማለፍ አይቻለንም። በአገራችን አጥንት የተሰበረ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው፤ ከወጌሾች መካከል እጃቸው የተባረከ እንዳሉ አንክድም። ነገር ግን ወጌሻ ደረሰኝ አይሰጥም፥ ራጅም አያነሣም። በዳኛ ፊት የተሰበረ አጥንት የሚታየው በራጅ ፊልም ነው። ስለዚህ ወደ ወጌሻ የሚሄድ ሰው እንኳ አስቀድሞ በሮቤ ወይም በጎባ ራጅ ይነሣ፥ ፊልሙንም በቤቱ ያኑር። የመድኃኒት፥ የአልጋ፥ የላቦራቶሪ፥ ከአጋርፋ ጎባ ከዚያም አልፎ እስከ አዲስ አበባ የተከፈለ የመኪና ኪራይ፥ ለአስታማሚ የወጣ ወጪ ሁሉ ደረሰኙ ይያዝ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የገበሬ ገቢ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የተጐዳ እንደ ሆነ ደመወዙ በመዝገብ ስላለ ነገሩ ቀላል ነው፤ የጕዳቱ መቶኛና የቀረው የሥራ ዘመን ታይቶ ሒሳቡ ይሠራል። ገበሬ ግን ደመወዝ የለውም፤ ዳኛው በዓመት ስንት ታገኛለህ ብሎ ቢጠይቀው፥ ጠላት ሰምቶ ግብር እንዳያስጨምርበት የፈራ ይመስል፥ አሳንሶ ይናገራል። የተናገረውም መዝገብ ላይ ይሰፍርበታል። በአጋርፋ ስንዴና ገብስ የሚያመርት ሰው የመሬት ይዞታ ደብተሩን፥ የመሬት ግብር የከፈለበትን ደረሰኝ፥ ለኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ለነጋዴ የሸጠበትን የኵንታል ቍጥርና ዋጋ የሚያሳይ ወረቀት፥ እንዲሁም ስንት ከብት እንዳለው የቀበሌውን ማስረጃ ይዞ ቢቀርብ ሌላ ሰው ሆኖ ይታያል። ለኮምባይነርና ለማዳበሪያ የከፈለበት ደረሰኝ እንኳ ምን ያህል እንዳረሰ ይመሰክርለታል። ሕጉም የጕዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ የማይቻል የሆነ እንደ ሆነ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን በቍጥር 2102 ፈቅዶለታል፤ ዳኛ በርትዕ ሊፈርድ የሚችለው ግን የሚመለከተው ነገር ያቀረቡለት እንደ ሆነ ነው።

ስለ ኅሊና ጕዳት የሚሰጠው ካሣ በቍጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ከአጋርፋ ገበያ አንድ ደኅና በግ አይገዛም። ስለዚህ ነው የገቢና የወጪ ማስረጃ ይህን ያህል የሚያስፈልገው፤ እንባ ብቻውን ዋጋው ትንሽ ነው።

ሰው የሞተ እንደ ሆነ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሕጉ በቍጥር 2095 ሟቹ ይረዳቸው የነበሩት ባል ወይም ሚስት፥ ወላጆችና ተወላጆች ስለ ጠፋባቸው መተዳደሪያ ካሣ እንዲጠይቁ መብት ሰጥቷል። ወንድምና አጎት በዚህ ቍጥር አልተጠሩም። በሽምግልናው ላይ ግን የሚቀመጡት ወንድሞችና አጎቶች ናቸው፤ ገንዘቡም በእነርሱ እጅ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ባልቴቲቱ በጓዳ ሆና ስታለቅስ ወረቀቱ በግቢ ይፈረማል። የልጆች እናት ያልሰማችው ዕርቅ ለልጆች ምን እንደሚያተርፍላቸው ወንድሞችም ቢሆኑ አስበው አያውቁ ይሆናል። እርስዋ ራስዋ ልትገኝ፥ የተጻፈውም በምትሰማው ቋንቋ ሊነበብላት ይገባል፤ የልጆቹን ድርሻ የሚነካ ነገር ሁሉ ደግሞ ፍርድ ቤት ሳያውቀው ባይፈረም የተሻለ ነው።

ካሣው ይቈይ ስንል ግን ያለ ልክ ይቈይ ማለታችን አይደለም። በቍጥር 2143 የካሣ ክስ ጕዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ነገሩ ወንጀል ሆኖ ለወንጀሉ የተወሰነው ይርጋ የሚረዝም እንደ ሆነ ረጅሙ ይጸናል፤ ቢሆንም ሁለት ዓመቱን ቈጥሮ መዘጋጀት ለቤተ ሰብ ያስተማምናል። «ዛሬ ነገ እንከፍላለን» የሚል ዘመድ ሁለት መኸር ካሳለፈ በኋላ ይርጋ ይጠቅሳል። የወንጀሉ ክስ ሲሰማ ተጐጂው ካሣውን በዚያው ችሎት ሊያመለክት እንደሚችል በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቍጥር 154 ይፈቅዳል። ሾፌሩ በወንጀል ነጻ ቢወጣም ተስፋ መቍረጥ አይገባም፤ የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በወንጀል ችሎት ነጻ መውጣት እንደማይታሰር በቍጥር 2149 ተጽፏልና።

መኪና ያላቸው አንባቢዎቻችንም ይህን ልብ ይበሉ። መኪናውን በውክልና ሸጦ ስሙን ሳያዛውር የተቀመጠ ሰው፥ አንድ ቀን በማያውቀው ሾፌር ምክንያት ይከሰሳል፤ ከሳሽ የሚያገኘው በሊብሬው ላይ የተጻፈውን ስም ነውና። ለከሳሽ ይህ ይጠቅመዋል፤ ሾፌሩ ድኻ ቢሆን በሊብሬው ያለውን ሰው ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጠይቆ ይወቅ።

የመድን ነገር ቀርቶናል። ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው የሚያስገድደው አዋጅ ቍጥር 799/2005 ሲወጣ፥ ለሞትም ሆነ ለአካል ጕዳት ከፍተኛውን ካሣ 40,000 ብር፥ ለንብረት 100,000 ብር አድርጎ ነበር። የሰው አካል ከተሰበረ ግንብ ማነሱ ለእኛ እስከ ዛሬ ይገርመናል። ልኩ ሊሻሻል የሚችል ስለ ሆነ፥ አደጋው በደረሰበት ቀን የጸናውን ከመድን ሰጪው መጠየቅ ያስፈልጋል። ዋናው ነገር ግን ከመድን የሚገኘው ገንዘብ የባለ መኪናውን ዕዳ የማይዘጋ መሆኑ ነው፤ ከመድኑ ልክ በላይ የሆነው ጕዳት ከባለቤቱ ይጠየቃል። የመድን ድርጅት ሲከፍል የሚያስፈርመውንም ወረቀት ከላይ እንዳልነው አንብቦ መፈረም ነው።

መኪናው ገጭቶ ያመለጠና ሳይታወቅ የቀረ፥ ወይም መድን የሌለው ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ቁስለኛው ባዶ እጁን እንዳይቀር ለዚሁ የቆመ የመድን ፈንድ አለ፤ ጥያቄው የሚቀርበው ለመንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። በሌሊት ከአጋርፋ ወጣ ብሎ በመንገድ ዳር ተገጭቶ የተገኘ ሰው ሁሉ ዘመዶቹ «ገጪው ካልታወቀ ማንን እንከሳለን» ብለው ወደ ቤታቸው ይወስዱታል። ይዘውት መሄድ ያለባቸው ግን መጀመሪያ ወደ ሐኪም፥ በዚያው ቀንም ወደ ፖሊስ ነው፤ ፈንዱ የሚጠይቃቸው የፖሊስን ማስረጃና የሐኪምን ወረቀት ነውና።